የጾሙ ድስትና የፍስኩ ድስት በአንድ መኪና

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል እነሆ ደርሷል። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ተፈጽመው፣ ሉካንዳ ቤቶች በራቸውን ከፍተው፣ የዶሮው ወጥ መዓዛ ከየቤቱ በሚወጣበት በዚህ ወቅት ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ይሰበሰባል። ከማዕዱ በኋላ ቡናው ሲፈላ የሚነሣው ጨዋታም ብዙ ጊዜ የልጆች ሥራ ነገር ነው። በቅርብ ዓመታት በከተሞቻችን እየተለመደ የመጣው የመኪና ላይ ምግብ ቤት የወጣቶችን ልብ ስቧልና፣ ወላጆቹን የዕቁባቸውን ገንዘብ ለዚሁ ሥራ እንዲያውሉለት የሚጠይቅ ልጅ በየሰፈሩ አይጠፋም። እኛም ቤተሰብ እሺም ሆነ እምቢ ከማለቱ በፊት ሊመዝነው የሚገባውን በዚህ የበዓል ገጻችን ልናቀርብ ወደድን።

ሥራው በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም ዋልተር ስኮት የተባለ ሰው በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ መስኮት ባበጀለት ፈረስ በሚጎትተው ጋሪ ላይ ሆኖ፣ በጋዜጣ ማተሚያ ቤት ደጃፍ ለሌሊት ሠራተኞች ምግብና ቡና ይሸጥ ነበር። በሌሊት የሚሠራ ሰው መኖሩን፣ በዚያ ሰዓትም ምግብ ቤቶች መዘጋታቸውን አስተውሎ ነው ጋሪውን ያቆመው። የዚህ ሥራ መሠረት እስከ ዛሬም ይኸው ነው፤ ረሃብተኛው ባለበት ስፍራ፣ በሚርበው ሰዓት መገኘት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በመጀመሪያ የሚታሰበው መኪናው ቢሆንም ከመኪናው የሚቀድም ጉዳይ አለ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል። መቆሚያ ስፍራም ቢሆን በፈቃድ እንጂ በግምት አይያዝም። ስለዚህ ቦታው ሳይረጋገጥ መኪና መግዛት፣ መሬት ሳይኖር የቤት ክዳን እንደ መግዛት ይቆጠራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የእሳትና የውኃ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ኃይል ስለሚፈልግ በአነስተኛ ጄኔሬተር አይሞከርም፤ እንጀራው በቤት ተጋግሮ ወይም ከጋጋሪ ተገዝቶ ይመጣል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በመሆኑ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በዚህም ምክንያት አተርና ሽምብራ ቶሎ አይበስሉም፤ በመኪናው ላይ ጥሬ ጥራጥሬ የሚቀቅል ሰው ትርፉን ለቡታጋዝ ይከፍላል። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ መታሰርና ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ መቀመጥ፣ መጋጠሚያውም በሳሙና ውኃ መፈተሽ አለበት። ንጹሕ ውኃ በአንድ በርሜል፣ እጣቢው በሌላ በርሜል ይያዛል። የበሰለ ምግብ ትኩስነቱን ከ60 ዲግሪ በላይ ጠብቆ ካልቆየ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ ሊቀመጥ አይገባም።

ስሌቱንም ከመነሻው ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰሃን ምግብ በ100 ብር ቢሸጥና ለእንጀራው፣ ለወጡና ለዘይቱ 55 ብር ቢወጣበት 45 ብር ይተርፋል። የነዳጅ፣ የሠራተኛ፣ የመቆሚያና የጥገና ወጪ በቀን 1,800 ብር ከሆነ፣ ባለመኪናው ወጪውን ብቻ ለመሸፈን 40 ሰሃን መሸጥ ይኖርበታል። የራሱ እንጀራ የሚጀምረው ከ41ኛው ሰሃን ነው።

ይሁንና ይህ ስሌት በአገራችን ዓመቱን ሙሉ በአንድ መልክ አይሄድም። የሚያዝዘው የጾም ቀመር ነውና። በዐቢይ ጾም ብዙ ምእመናን ከቅዳሴ በፊት እህል ስለማይቀምሱ ገበያው ከቀኑ 6 ሰዓት ወደ 9 ሰዓት ይሸሻል። በሰሙነ ሕማማት፣ በተለይም በስቅለት ዕለት፣ ገበያ ፈልጎ መቆም ከንቱ ድካም ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም፤ ጥብስና ቋንጣ ፍርፍር በየዕለቱ ይሸጣል። እነዚህ ቀናት ጀማሪን ያታልላሉ። በእነርሱ ገቢ ተመክቶ ማቀዝቀዣ በብድር የገዛ ሰው፣ ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ሰኞ የሚገባው የሐዋርያት ጾም ዕዳው ሳያልቅ ይደርስበታል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ይከተላሉ። እንግዲህ ጥሩ ነጋዴ ዓመቱን አስቀድሞ በባሕረ ሐሳብ ያያል፤ ገንዘቡንም በፍስኩ ወራት ቆጥቦ ለጾሙ ወራት ያቆያል።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚከብደው የእምነት ጉዳይ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከመኪናው መስኮት ሥር ቆሞ በያይነቱ ወይም ሳምቡሳ የሚገዛ ምእመን ማድቤቱን አያይም። ሳምቡሳው ትናንት ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት ተጠብሶ እንደሆነ፣ ሽሮውን የጨለፈው ጭልፋ ከቅቤው ድስት ወጥቶ እንደሆነ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። በጠባብ መኪና ውስጥ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት መክተፊያና ሁለት የዘይት ዕቃ ለይቶ መያዝ ቦታም ገንዘብም ይጠይቃል። ነገር ግን ጾመኛው የከፈለው ለምግቡ ብቻ አይደለም፤ ሕሊናውን ጭምር አደራ ሰጥቷል። ቦታው ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ የጾም ምግብ ብቻ መሸጥ ይሻላል። እንዲህ ያለው መኪና በፍስክ ወራት ገበያው ቢቀንስም በጾም ወራት ያለ ጥርጣሬ ይታመናል።

ስለዚህ ወላጆች በበዓሉ ማዕድ ዙሪያ ልጃቸው የመኪና ላይ ምግብ ቤት አሳብ ሲያቀርብላቸው ስለ ገንዘቡ ብቻ አይጠይቁት። ቦታው የት ነው? ፈቃዱስ? የሐዋርያት ጾም ሲገባ ምን ትሸጣለህ? ጭልፋህ ስንት ነው? ብለው ይጠይቁት። የመጨረሻውን ጥያቄ ሳያመነታ ከመለሰ፣ ዕቁቡን በእጁ ማኖር የሚያስፈራ አይሆንም። ካመነታም የሚቀጥለው ዕጣ እስኪወጣ ድረስ በሌላ ሰው መኪና ላይ ተቀጥሮ ቢሠራ ብዙ ይማራል።