ስደተኛው ጎረቤት እንዲሆን የመንግሥት ድርሻ



ከሳንጃ ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው ዳባት ይደርሳል። በዚያ ወረዳ በአለምዋጭ፣ ከትግራይ መጠለያዎች የተዛወሩ የኤርትራ ስደተኞች ይኖራሉ። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣም ብዙዎች በመተማ በኩል ገብተዋል። ለእነዚህ ወገኖች ዱቄትና ድንኳን አይበቃቸውም፤ በመካከላችን የሚኖሩበት ሕግም ያስፈልጋቸዋል።

ይህንንም መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደንግጓል። በአዋጁ መሠረት ስደተኛ መታወቂያ ያገኛል፤ ልደቱና ጋብቻው ይመዘገባል፤ ልጁ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ከአገሬው ልጅ እኩል ይማራል፤ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ሠርቶ ያድራል፤ በባንክ ገንዘብ ያስቀምጣል። ለረጅም ዘመን የኖረ ስደተኛም ከኅብረተሰቡ ጋር ተዋሕዶ ለመኖር ማመልከት ይችላል። ሥራውን የሚመራው የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው።

ይሁን እንጂ መብት ስለ ተጻፈ ብቻ አይፈጸምም። መታወቂያ የያዘ ሰው ቤት የሚያከራየውና ሥራ የሚሰጠው ካላገኘ ያው እንግዳ ነው። አገሬውም ውኃውና መድኃኒቱ አነሰብኝ ብሎ ቢያጉረመርም ምክንያት አለው። ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ የውኃው ጉድጓድ ለሁለቱም ይቆፈር፤ የትምህርት ክፍሉም ለሁለቱም ይሠራ። አንዱን አጥግቦ ሌላውን የሚያስርብ እርዳታ ጠብን ይዘራልና።

አዋጅ በሩን ይከፍታል፤ «ግቡ፣ ተቀመጡ» የሚለው ግን ጎረቤት ነው። በዘሌዋውያን 19፥34 የታዘዝነውም ይኸው ነው። ስደተኞቹንም ተቀባዮቻቸውንም በጸሎት አስቡ።