ስኳር ሕመም ያለበት ምእመንና የጾም ማዕዱ

በሐረር ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ካለው የመድኃኔ ዓለም ካቴድራል ጀምሮ ከግንቡ ውጭ እስካሉት አጥቢያዎች ድረስ፣ ጾም በገባ ቁጥር የስኳር ሕሙማን የሆኑ ምእመናን አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፦ «ልጹም ወይስ ልተው?» በአንድ ግንብ ውስጥ አብረውን የሚኖሩ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በረመዳን ይህንኑ ይጠይቃሉ። መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ሕመምተኛው በቀን በሚበላው የኃይል ሰጪ ምግብ መጠንና በሚበላበት ሰዓት ነው።

ከጤፍም ይጋገር ከማሽላ፣ እንጀራ በሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝና ፓስታም እንዲሁ ናቸው። ጤነኛ ሰው ከቆሽቱ የሚመነጨው ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት ያስገባለታል። በስኳር ሕመምተኛ ግን ኢንሱሊኑ ይጠፋል፣ ያንሳል ወይም በሚገባ አይሠራም፤ ስኳሩም በደም ውስጥ ይከማቻል። ምስርና ባቄላ ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው ስኳራቸው ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ነው። የባቢሌ ኦቾሎኒም ከእህል ይልቅ ያነሰ ኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር አለው።

ሁለቱ አደጋዎች

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ምእመን በርከት ያለ እንጀራ ከድንች ወጥ ጋር በልቶ፣ በሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የጣፈጠ ሻይ ቢያስከትል፣ የደሙ ስኳር በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። የሻዩ ስኳር ብቻውን 12 ግራም ያህል ነው። በአንጻሩ ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒኖችን ውጦ ሳይበላ የቆየ ሰው ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። «ጾም ነው» ብሎ ኢንሱሊኑን የተወ ደግሞ፣ በተለይ ሕመሙ አንደኛው ዓይነት ከሆነ፣ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ሥርዓቱ ምን ይፈቅዳል?

ጾም ሁለት ወገን አለው፤ ከጥሉላት መከልከልና እስከ ተወሰነው ሰዓት ከእህል ውኃ መቆየት። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ጾምን ሲደነግግ ለሕመምተኛ ይራራል። ስለዚህ ምእመኑ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ሰዓቱ ተሻሽሎለት ከጥሉላት እየተከለከለ ሊጾም ይችላል። ለቅዱስ ቁርባን የሚጠበቀው 18 ሰዓትም ለብዙዎች ከባድ በመሆኑ፣ ምእመኑ አስቀድሞ ከንስሐ አባቱም ከሐኪሙም ጋር ይምከርበት።

የማዕዱ ልክ በቀላሉ ሊታወስ ይችላል፤ የሳህኑ ግማሽ ጎመንና ሌላ አትክልት፣ ሩቡ ሽሮ ወይም ምስር፣ የቀረው ሩብ እንጀራ ይሁን። ይህንንም በአንድ ጊዜ ከመጫን በተቀራራቢ ሰዓት በየቀኑ ከፋፍሎ መመገብ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚስማማውን መጠን የሚወስነው የሚከታተለው ባለሙያ ነው።

ከሰበካ ጉባኤያት የሚጠበቀው

አንደኛ፣ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ምእመናን በሕይወት ፋና፣ በጀጎል ወይም በሚከታተሉበት ሌላ ሆስፒታል የመድኃኒታቸውን መጠንና ሰዓት እንዲያስተካክሉ በዐውደ ምሕረት ይነገር።

ሁለተኛ፣ በሰንበቴና በዝክር ማዕድ ላይ ከለስላሳ መጠጥ ጎን ውኃ፣ ከዳቦው ጎን የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ ይቅረብ። እንግዳን «ብላ፣ ጠጣ» ብሎ ማስገደድ ፍቅር ቢሆንም ስኳር ላለበት ሰው ጉዳት ነው።

ሦስተኛ፣ በዕቃ ቤት ስኳር ይቀመጥ። የአንድ ሰው ስኳር ከ70 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ወይም ምልክቱ ሲታይ፣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው መድገም ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

አራተኛ፣ ጠበል የሚጠመቅ ምእመን መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ካህናት አጥብቀው ይምከሩ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል፤ ያ ትምህርት ለስኳር ሕሙማንም ይሠራል።

ጾም የተሠራው ለነፍስ ድኅነት ነው። ወንድማችን ጾሙን በሰላም ጀምሮ በሰላም ይፈታ ዘንድ የንስሐ አባቱና ሐኪሙ አስቀድመው ይስማሙለት፤ እኛም ማዕዳችንን እናስተካክልለት።