ሲግናሉ ሙሉ፣ ጥሪው እምቢ

ስልካችሁ ላይ ያሉት የሲግናል መስመሮች ሞልተዋል። ትደውላላችሁ፤ አይወጣም። ደግማችሁ ትሞክራላችሁ፤ ይቆራረጣል። «ወይ ኔትወርክ!» ብላችሁ ኩባንያውን ትራገማላችሁ። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የኩባንያው አይደለም። አንዳንዴ ጥፋተኛው ከእናንተ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ትንሽ ዕቃ ነው።

ያንን ዕቃ አሳድዶ ማግኘት ራሱን የቻለ የመንግሥት ሙያ ነው። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማን በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚጠቀም ይፈቅዳል፤ አንዱ የሌላውን እንዳይረብሽም ይቆጣጠራል። የሬዲዮ ሞገድ ጣልቃ ገብነትን የሚመረምር ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ነገሩን በመስኖ ውሃ ማየት ይቻላል። ውሃው የጋራ ነው፤ ሁሉም በተራው ይጠቀማል። አንዱ ከተራው ውጭ ቦዩን ከሰበረ የታችኛው ማሳ ይደርቃል። ሞገድም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ቦዩን የሰበረው ሰው በዓይን አለመታየቱ ነው።

መስመሮቹ ሞልተው ጥሪው ለምን እምቢ ይላል? መስመሮቹ የሚነግሯችሁ እናንተ ታወሩን ምን ያህል እንደምትሰሙ ብቻ ነው። ታወሩ እናንተን ይስማ አይስማ አያሳዩም። ታወሩ ድምፀ ጎርናና ነው፤ ስልካችሁ ግን ሹክሹክታ ነው። የ4ጂ ስልክ የሚያሰራጨው ጉልበት ቢበዛ 0.2 ዋት ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ያለ ፈቃድ የገዛውን ሲግናል ማጉያ (ብዙዎች «ቡስተር» የሚሉትን) ጣሪያው ላይ ሲሰቅል፣ ዕቃው የእሱን ስልክ ብቻ አያጎላም። ጫጫታም ወደ ታወሩ ይልካል። ታወሩ በጫጫታው ይደነቁራል፤ የሰፈሩ ሹክሹክታ ሁሉ ይዋጣል። አንዱ ቤት ደስ ይለዋል፤ መንደሩ ይታፈናል።

መርማሪው የሚይዘው ዋና መሣሪያ ስፔክትረም አናላይዘር ይባላል። በየፍሪኩዌንሲው ያለውን ሞገድ በስክሪን ላይ እንደ ተራራና ሸለቆ እየሳለ ያሳያል። መኖር የሌለበት ቦታ ላይ ተራራ ከታየ እንግዳ አለ ማለት ነው። ከዚያ አቅጣጫ ጠቋሚ አንቴና ይዞ ከአንድ ቦታ ይለካና ካርታው ላይ መስመር ያሰምራል። ሌላ ቦታ ሄዶ ይደግማል። መስመሮቹ የሚገናኙበት አካባቢ ተጠርጣሪው አለ። የመጨረሻዎቹን መቶ ሜትሮች ብዙ ጊዜ በእግር ነው የሚጨርሳቸው።

ይህ በሜዳ ላይ ቀላል ይመስላል። ደብረ ታቦር አካባቢ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ የፎገራ ሜዳ ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። የኤፍ ኤምና የሞባይል ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ከፍታ ላይ የተተከለ አንድ የተበላሸ ማሰራጫ ብዙ ወረዳ ሊደርስ ይችላል። በተቃራኒው ሸለቆ ውስጥ ያለው ከጋራው ማዶ አይሰማም። ላይ ቆሞ የለካ መርማሪ ታች ያለውን ረባሽ ሊስተው ይችላል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የገደል ማሚቶ ነው። ድምፅ ገደል መትቶ እንደሚመለሰው ሞገድም ገደል መትቶ ይመለሳል። አንቴናው ወደ ገደሉ ይጠቁማል፤ እዚያ ግን ማንም የለም። ለዚህ ነው ጎበዝ መርማሪ በአንድ ልኬት ማንንም የማይወነጅለው።

አጥፊውም ሁልጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ፈረንሳይ ሜሳንዥ በምትባል ከተማ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ስልክና ኢንተርኔት ይጠፋ ነበር። የአገሪቱ የፍሪኩዌንሲ ኤጀንሲ መርማሪ ሌሊት ወጥቶ ምንጩን አንድ መኖሪያ ቤት ድረስ ተከተለ። የተገኘው ጃመር፣ ማለትም ሞገድ ማፈኛ ነው። ያበራው ልጆቹ ሌሊት ሶሻል ሚዲያ ላይ እንዳያመሹ የፈለገ አባት ነበር። የልጆቹን ስልክ ብቻ የዘጋ መስሎት ከተማውን ዘጋው። በአገሩ ሕግ ድርጊቱ እስከ 6 ወር እስራትና 30,000 ዩሮ ያስቀጣል።

ጉዳዩ ከቲክቶክ በላይ ነው። ኤፍ ኤም ሬዲዮ 108 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃል፤ የአውሮፕላን ሬዲዮ ከዚያው ጀምሮ እስከ 137 ይሄዳል። አጥር የላቸውም። የተበላሸ የኤፍ ኤም ማሰራጫ ወደዚያ ሊያፈስ ይችላል። በደቡብ ጎንደር ዙሪያ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያዎች አሏቸው። ምጥ ለያዛት እናት አምቡላንስ የሚጠራ ሰውም የሚደውለው በዚያው በታፈነው ታወር ነው።

ሆን ብሎ ማፈንም አለ፤ አንዳንዴም ከመንግሥት ይመጣል። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ፣ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት የማፈን አቅሙ ሲረጋገጥ ፈቃድ እንደሚሰጡ በይፋ ተናግረው ነበር። መሣሪያው የግለሰብን ረባሽና የመንግሥትን ረባሽ አይለይም፤ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አንድ ዓይነት ተራራ ናቸው። የሙያው ክብር ያየውን እንዳለ መጻፍ ላይ ነው።

በሌላ በኩል የጠፋ ኔትወርክ ሁሉ በሞገድ አልተረበሸም። መብራት ሲጠፋ የታወር ባትሪ ያልቃል፤ ፋይበር ይቆረጣል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋም ሞገዱን የረበሸው ጎረቤት አልነበረም፤ አገልግሎቱ ራሱ ነው የተቋረጠው። መርማሪ ከመጠራቱ በፊት ይህን መለየት ያስፈልጋል።

እናንተም ልትረዱ ትችላላችሁ። ችግሩ ሲመላለስ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። የጎረቤት ስልክም እንደዚያው እንደሆነ፣ ሌላ ኩባንያ ሲም ላይም ይታይ እንደሆነ እዩ። ምሽት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ምሽት ላይ የሚበራ ነገር አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለኩባንያችሁ አመልክቱ፤ «ኔትወርክ የለም» ከሚል ስሞታ ይልቅ ሰዓትና ቦታ የያዘ ስሞታ መርማሪውን ቶሎ ያደርሰዋል። ኤሌክትሪካል ምህንድስና የምትማሩ ደግሞ ይህን ሙያ አስቡበት።

እና እባካችሁ፣ ያ ርካሽ ቡስተር ገበያ ላይ ቢያጓጓችሁም እለፉት። የእናንተ መስመር ሲሞላ የማን ጥሪ እምቢ እንደሚል አታውቁም።