ኵርዐተ ርእሱ፦ ከመቅደላ የወጣው የህዳሴ ዘመን ሥዕል

ከአቀስታ በስተሰሜን ካለው የመቅደላ አምባ ከተዘረፉት ቅርሶች መካከል የኵርዐተ ርእሱ ጉዳይ ከሌሎቹ ይለያል (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በፍላንደርዝ ወይም በፖርቱጋል ሠዓሊ እጅ እንደተሠራ የሚገመተው ይህ የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል፣ ነገሥታቱ ይዘውት የሚዘምቱት፣ መሐላም የሚፈጸምበት ነበር። በ1744 በሰናር ጦርነት ተማርኮ በገንዘብ ተዋጅቶ መመለሱ ክብሩን ያሳያል።

በ1868 የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሆኖ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ሥዕሉን ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ሥዕሉና ክብረ ነገሥት እንዲመለሱ ለንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፉ መጽሐፉ ተመለሰ፤ የሥዕሉ ዱካ ግን አልተገኘም ተባለ። የሚያስገርመው፣ ሆምስ በዚያን ጊዜ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ከሞተ በኋላ በ1917 ሥዕሉ በክሪስቲስ ጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 ደግሞ አንድ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ገዛው።

የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2018 ያቀረበው የረጅም ጊዜ ውሰት ሐሳብ፣ ባለቤትነትን ስለማይመልስ ቢያከራክርም፣ ቢያንስ ተጠያቂ ተቋም ያለበት ነው። በግል ይዞታ ለገባው ኵርዐተ ርእሱ ግን ውሰትም ሆነ ምላሽ የሚጠየቅ ተቋም የለም።