የአሳሾችን መጽሐፍ እንዴት እናንብብ?

  

ባለፈው ጁምዓ ከሰላት በኋላ በጀሞ የሚኖሩ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው ወደ እኛ መጡ። ልጁ የኮሌጅ ተማሪ ነው። በእጁ ሁለት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይዟል፤ አንደኛው የአላን ሙርሄድ «ብሉ ናይል»፣ ሌላው ሪቻርድ በርተን ስለ ሐረር ጉዞው የጻፈው ነው። አባትየው የሐረር ተወላጅ ናቸው። «ይህ ሰው ስለ አያቶቻችን የጻፈውን ልጄ ሲያነብልኝ ደሜ ፈላ፤ መጽሐፉ ከቤቴ ይውጣ ብየዋለሁ» አሉን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «እርሱ ከወጣ በዚያ ዘመን ስለ ነበረችው ሐረር በምን እናውቃለን?» አለ። ሁለቱም ያሉት ነገር ሚዛን የሚደፋ ነው። የብዙ ቤት ጉዳይ ስለ መሰለን ለዛሬው ዝግጅታችን አደረግነው።

በቅድሚያ ስለ ሙርሄድ። አውስትራሊያ ተወልዶ ኑሮውን በአውሮፓ ያደረገ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር ሜዳ ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 «ዋይት ናይል»ን፣ በ1962 ደግሞ «ብሉ ናይል»ን አሳተመ። ታሪክን አጣፍጦ መተረክ ያውቅበታል፤ መጽሐፉን የጀመረ ሰው ሳይጨርስ አይተኛም። በ1966 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ የአውሮፓ መርከበኞች በደቡብ ባሕር ደሴቶች ሕዝብ ላይ ያመጡትን ጥፋት ስለ ጻፈ፣ የወገኖቹን ስህተት ፈጽሞ የማያይ ሰው አይደለም። ነገር ግን ዓባይን የሚያሳየን ከውጭ በመጡት ሰዎች ዓይን ነው። ለምን ቢባል፣ ማስታወሻ ጽፈው የተዉለት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው።

ለምሳሌ በመጽሐፉ ብዙ ቦታ የያዘውን ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስን እንውሰድ። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ወረደ፤ በ1770 ጎንደር ገብቶ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ ደረሰ። ምንጩን ያገኘሁ እኔ ነኝ ብሎም በ1790 በአምስት ጥራዝ ጻፈ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ ግን ከእርሱ 150 ዓመት ያህል ቀድሞ በ1618 አይቶታል። የግሽ ሰው ደግሞ ውሃውን ሲጠጣው ኖሯል፤ አገኘሁ ብሎ የሚጽፈው ነገር አልነበረውም።

እኛን የሚመለከተው ሌላው ነገር ነው። ብሩስ ከጂዳ ሲነሳ የመካው ሸሪፍ ሹም ለራስ ሚካኤል ስሑል የሚደርስ ደብዳቤ አስይዞ ሙሐመድ ጅበርቲ የሚባል ሰው ላከለት። ከምጽዋ ወዲህም ያሲን የሚባል ሙስሊም አብሮት ተጉዟል። እውነቱን ለመናገር ምጽዋ ላይ ሊዘርፈው ያሰበው ናኢቡም ሙስሊም ነበር፤ ከናኢቡ ያዳነውም የገዛ ወንድሙ ልጅ አሕመድ ነው። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ብሩስ ጎንደርን አያይም። ሙሐመድ ጅበርቲ ስለዚያ ፈረንጅ ቤቱ ገብቶ ለልጆቹ ምን ብሎ እንዳወራ ግን በየትኛውም ጥራዝ አናገኘውም።

አሁን ወደ በርተን እንሂድ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1853 ሙስሊም መስሎ ሐጅ ያደረገና በዚያም ስም ያተረፈ ነው። ቤቱን ሊያመልኩ በመጡት መሐል ለወሬ የገባን ሰው እንደ ጀግና ማየት ለእኛ ይከብደናል። ወደ ሐረር ሲመጣም ከዘይላ የተነሳው የዐረብ ነጋዴ መስሎ ነው። ከተማዋ አጠገብ ሲደርስ ሰዎች ቱርክ ነው ብለው ስለ ጠረጠሩት ሐሳቡን ለወጠ፤ ከኤደኑ የእንግሊዝ ሹም ለአሚሩ የተላከ የሚመስል ደብዳቤ በገዛ እጁ ጻፈ። ይህን ጠላት አላወራበትም፤ ራሱ ነው በመጽሐፉ የነገረን።

በጥር 1855 ገብቶ አሥር ቀን ተቀመጠ። አሚር አሕመድ ማረፊያ ሰጡት፣ ከቤታቸው ምግብ አስቀረቡለት፤ በሰላም ሸኙት። «የተከለከለች ከተማ» እያለ ያስወራላት ሐረር ያደረገችው ይህን ነው። የሲራራ ነጋዴው ከዘይላና ከበርበራ፣ ደረሳው ከየአገሩ ሲገባባት የኖረች ከተማ ናት። ሰውየው ግን በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ የነዋሪውን ጠባይ እጅግ በከፋ ቃል ሰደበ። አባትየው የተቆጡት በዚህ ነው፤ ቢቆጡም አይፈረድባቸውም።

ታዲያ መጽሐፉ ይጣል? በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ) አመፀኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ እንድናጣራ አዞናል። ልብ በሉ፣ ትእዛዙ ማጣራት ነው፤ ሳይሰሙ መጣል አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንትም ስለ ተራኪው ይጠይቃሉ፦ ማን ነው? አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? በአማና ይታወቃል? በርተንን በዚህ ወንፊት ብናልፈው የሚቀርና የሚወድቅ ነገር ይለያል። አምስቱን የጀጎል በሮች በየስማቸው ቆጥሯል፤ ማሐለቅ የሚባለውን የከተማዋን ገንዘብ ጠቅሷል፤ ስለ ቡናውና ስለ ዑለማው ጽፏል። እነዚህ በሌላ ምስክር ሊመዘኑ የሚችሉ ናቸው። በአሥር ቀን ውስጥ፣ ያውም ለነፍሱ እየፈራ፣ የአንድን ሕዝብ ጠባይ አውቄያለሁ ማለቱ ግን ምስክርነት አይባልም።

ልጁ «ከእኛ ወገን የጻፈ የለም?» ብሎ ጠየቀን። አለ። አል-ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የተባለው የየመን ፈቂህ የአገሩ ኢማም መልእክተኛ ሆኖ በይሉል ወርዶ፣ የአፋርን ምድር አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1648 ጎንደር ከአፄ ፋሲለደስ ዘንድ ደርሷል። ግንቡን የሠራው ህንዳዊ መሆኑን ከጻፉልን አንዱ እርሱ ነው። ንጉሡ ወደ እስልምና ያዘነበሉ መስሎት ተጉዞ ነበር፤ ሲደርስ ግን የፈለጉት የንግድ መንገድ ሆኖ አገኘው። ጽሑፉ በ1986 በእንግሊዝኛ ታትሟል። እርሱም ቢሆን በመንገድ ያገኘውን ሰው ሁሉ በደግ ዓይን አላየም። ሙስሊም ስለ ሆነ ብቻ ከወንፊቱ ልናስቀረው አይገባም፤ ለበርተን ያወጣነው ሚዛን ለእርሱም ያገለግላል።

ይህን ስንነጋገር ልጁ የበርተንን መጽሐፍ ከኋላ ገለጠና በሐረሪ ቋንቋ የተመዘገቡ ቃላትን ለአባቱ ያነብላቸው ጀመር። አባትየው ፊታቸውን እንዳዞሩ ጥቂት ሰሙ። ከዚያ፣ «ኧረ እንደዚህ አይባልም! አፉን ይዞበት ነው» ብለው አረሙት። ሁለተኛውንም አረሙ። አንዱን ቃል ሲሰሙ ግን ዝም አሉና፣ «ይህን የምትለው አያቴ ነበረች» አሉ። ልጁ እስክሪብቶ ፈልጎ አጣ፤ እኛ ሰጠነው። መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ዐስር እስኪደርስ ድረስ አንዱ ሲያነብ አንዱ ሲያርም ቆዩ። ሲሄዱ መጽሐፉን የያዙት አባትየው ነበሩ።