ፒዲኤፍ ስታነቡ ዓይናችሁ ለሚቃጠል

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ብዙው ስለ ዓይን ነው። «ፒዲኤፍ ሳነብ ዓይኔ ይቃጠላል»፣ «ቀና ስል ሩቁ ይደበዝዝብኛል»። አብዛኞቻችሁ እዚሁ ቢቸናና ሞጣ ያላችሁ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ስለሆናችሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ልባችሁ ይረፍ፤ ስልክ ላይ ማንበብ ዓይን ያደክማል እንጂ አያሳውርም። ሰው በደኅናው ጊዜ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። በበጋው ደረቅ ነፋስ ላይ ይሄ ሲጨመር ዓይን ይደርቃል፤ ማቃጠሉ ከዚያ ነው። ሩቁ የሚደበዝዘው ደግሞ ቅርቡን ለማየት ተወጥሮ የቆየው የዓይን ጡንቻ ቶሎ ስለማይላላ ነው። በየ20 ደቂቃው ደጅ ወጥታችሁ ራቅ ያለ ዛፍ ተመልከቱ።

እኔ ግን ከስክሪኑ ብርሃንም በላይ የምፈራው የፊደሉን ማነስ ነው። ኤ4 ገጽ ስፋቱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የስልካችን ስክሪን 7 ቢሆን ነው። በ12 ቁጥር የተጻፈው ፊደል 4 ቁጥር ያህል ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ይሄን አይችልም፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው አንዲት ጭረት መሃል ወይም እግር ላይ መቀጠሏ ነው። እሷን ለመለየት ስልኩን ወደ አፍንጫችን እናስጠጋለን፣ በቀረበ ቁጥር ጡንቻው ይብስ ይወጠራል። ዲማ ጊዮርጊስም ሆነ ሌላ ደብር፣ አትሮንስ ላይ የተዘረጋ የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ፊደሉ ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ስልኩን አግድም አዙሩት፤ ፊደሉ እጥፍ ያህል ያድግላችኋል።

ወደ ብርሃኑ ስንመጣ፣ መብራት ሲጠፋ ጨለማ ውስጥ ብራይትነሱን ለቃችሁ አታንብቡ። ኩራዝም ሆነ የሶላር መብራት ከጎናችሁ ይኑር። ነጭ ወረቀት ከስልኩ አጠገብ አድርጉ፤ ስክሪኑ ከወረቀቱ በላይ ካበራ ቀንሱ፣ ከወረቀቱ ከጠቆረ ጨምሩ። ቀን ፀሐይ ላይ ግን የቱንም ያህል ብትጨምሩ መስታወቱ ሰማዩን ነው የሚያሳያችሁ። ጥላ ገብታችሁ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ። ዳርክ ሞድ ለአንዳንዱ ይስማማዋል፤ ፊደሉ የሚንቦገቦግበት ሰው ግን ይተወው። ለሰማያዊ ብርሃን ተብሎ ለሚሸጠው መነጽር ገንዘባችሁን አታውጡ፤ የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም አይመክረውም። አባት እናታችሁ ስልኩን እያራቁ የሚያነቡ ከሆነ ግን የዕድሜ ነውና የማንበቢያ መነጽር ይረዳቸዋል።

አንድ ነገር በስልክ እንዳታሳብቡ አደራ። ዓይናችሁ ከቀላ፣ አይናር ከበዛበት ወይም ሽፋሽፍታችሁ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከወጋችሁ፣ ይሄ የንባብ ድካም ሳይሆን ትራኮማ ሊሆን ይችላል። ክልላችን አማራ በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ትራኮማ ደግሞ ያሳውራል። በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ሽፋሽፍቱን በወረንጦ እየነቀላችሁ አትክረሙ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ።