የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪ የአሜሪካን ታሪክ ለምን ይማራል?

የውጭ አገር ቋንቋ ለመማር የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚሰበስበው ቃላትን ነው። ቃላቱን ከነሰዋስዋቸው ካጠና በኋላ ግን መጽሐፍ ገልጦ፤ እያንዳንዱን ቃል እያወቀው ነገሩ ሳይገባው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። የቃል ትርጕም በመዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን በተናጋሪው ሕዝብ ታሪክ ውስጥም ተሰውሮ ይገኛልና። ይህን የአገራችን የቅኔ መምህራን ከጥንት ጀምረው ያውቁታል፤ ታሪኩን ያልተማረ ደቀ መዝሙር ሰሙን ይዞ ወርቁን ይስታል። በዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛን ዋና ትምህርታቸው ያደረጉ ተማሪዎችም የአሜሪካን ታሪክ መማር የሚያስፈልጋቸው በዚሁ ምክንያት ነው። እንዴት ቢማሩት እንደሚበጅ ዛሬ ባጭሩ እንገልጻለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ከቀላሉ እንጀምር። በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የሚጠራበት ስም «ሴክሬታሪ» የሚል ቃል አለበት። ተማሪው መዝገበ ቃላቱን ተመልክቶ «ጸሐፊ» ብሎ ቢተረጕመው ቃሉን አልሳተም፤ ሹመቱን ግን ስቶታል። በአገራችን ጸሐፌ ትእዛዝ የሚለው ማዕርግ የታላቅ ሹም መጠሪያ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ «ስቴት» የሚለው ቃል ነው። 13ቱ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በ1776 ነጻነታቸውን ሲያውጁ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን በዚህ ስም፤ ማለት መንግሥት ብለው ጠሩ። በ1787 የተጻፈው ሕገ መንግሥትም የአገሪቱን ስም እንደ ብዙዎች ስም ቈጥሮ በብዙ ቍጥር ተውላጠ ስም ይተካዋል። ዛሬ ግን የአገሪቱ ስም በነጠላ ቍጥር ይነገራል። በብዙውና በነጠላው መካከል፤ የደቡብ ግዛቶች ባርነትን ለማስጠበቅ ከኅብረቱ በመገንጠላቸው ከ1861 እስከ 1865 የተደረገው የርስ በርስ ጦርነት ይገኛል። መምህሩ ይህን ሲያስረዳ ሰዋስውና ታሪክ አንድ ትምህርት ይሆናሉ።

እንግዲህ የማስተማሩ ዘዴ ምን ይሁን? የፕሬዚዳንቶችን ስምና የጦርነቶችን ዘመን በቃል ማስያዝ ቀላል ነው፤ ተማሪው ግን ፈተናውን ሲጨርስ ይረሳዋል። ለቋንቋ ተማሪ የሚሻለው ጥቂት ሰነዶችን መርጦ በየዘመናቸው ቅደም ተከተል ማንበብ፤ በእያንዳንዱም ላይ «ይህ ቃል ማንን ይጨምራል? ማንንስ ይተዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ሰነድ የ1776ቱ የነጻነት መግለጫ ነው። ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው እንደ ተፈጠሩ ይናገራል። ረቂቁን በዋናነት ያዘጋጀው ቶማስ ጄፈርሰን ግን በዕድሜው ዘመን ከ600 በላይ ባሮች የነበሩት ሰው ነው። ተማሪው ከእነዚህ ከሁለቱ ነገሮች አንዱን ይዞ ሌላውን ሊጥል አይገባውም።

ሁለተኛው ሰነድ የ1787ቱ ሕገ መንግሥት ነው። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ብዙ ባሮች ነበሩ፤ በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ግን ባሪያ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም። ለምክር ቤት መቀመጫ የሕዝብ ቍጥር ሲደለደል፤ ባሮቹ ከነጻዎቹ የቀሩ ሌሎች ሰዎች ተብለው በዘወርዋራ ይጠቀሳሉ፤ ከአምስት እጅም ሦስት እጅ ብቻ ይቈጠራሉ። ከጌታው የኰበለለውም ሰው አገልግሎት እንዲሰጥ የተያዘ ተብሎ በተደራጊ ግሥ ይገለጻል። «ማን ያዘው?» ብሎ መጠየቅ የቋንቋ ተማሪ ሥራ ነው። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን «ተወስኗል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን ማን እንደ ወሰነ መጠየቃችን ስለዚሁ ነው፤ በተደራጊ ግሥ አድራጊው ይሰወራልና።

ከዚህ በኋላ ተማሪው፤ የተተዉት ሰዎች ራሳቸው ያንኑ ቃል አንሥተው ሲከራከሩበት ይመለከታል። በ1848 በኒውዮርክ ግዛት በሴኔካ ፎልስ የተሰበሰቡት የሴቶች መብት ተከራካሪዎች፤ ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተን ባዘጋጀችው መግለጫ የ1776ቱን ጽሑፍ አቀማመጥ ተከትለው ሴቶችን በግልጽ ጨመሩበት። በባርነት ተወልዶ በ1838 ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስም በ1852 በሮቸስተር ከተማ ባደረገው ንግግር፤ የነጻነት በዓል ለባሪያው ምኑ እንደ ሆነ አድማጮቹን ጠየቃቸው።

ቀጥሎ የፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ንግግር ይመጣል። ሊንከን በኖቬምበር 1863 በጌቲስበርግ፤ በጦርነት የወደቁት ወታደሮች መቃብር ሲመረቅ የተናገረው ከ300 ቃላት ያነሰ ነው። ዓመተ ምሕረት ሳይጠራ፤ ዘመኑን በሃያ በሃያ ቈጥሮ ከ87 ዓመት በፊት ስለ ሆነው ነገር በመናገር ይጀምራል። መምህሩ በዚህ ቦታ ተማሪዎቹን መቀነስ ያዛቸው። ከ1863 ላይ 87 ሲቀነስ የሚገኘው 1776 እንጂ 1787 አይደለም። ሊንከን የአገሪቱን ልደት የቈጠረው ባርነትን በዘወርዋራ ከተቀበለው ሕገ መንግሥት ሳይሆን እኩልነትን ከተናገረው መግለጫ ነው። ይህን ቅናሽ ያላደረገ ተማሪ ቃላቱን ሁሉ ቢያውቅ እንኳ ክርክሩን አልሰማም።

የባሮች ነጻነት አዋጅ ከጸና ከመቶ ዓመት በኋላ፤ በኦገስት 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን በሊንከን መታሰቢያ ፊት ቆሞ ሲናገር ዘመኑን እንደዚያው በሃያ ቈጥሮ ጀመረ። የጌቲስበርግን ንግግር ያነበበ ተማሪ ኪንግ የማንን ድምፅ እንዳስታወሰና ያልተከፈለውን ዕዳ ከማን እንደ ጠየቀ ወዲያው ይገባዋል።

በመካከሉ የሕጉ ቃል እንዴት እንደ ተለወጠ ማሳየትም ያሻል። ባርነት በስሙ ተጠርቶ በሕገ መንግሥቱ የተከለከለው በ1865 ነው። በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁሮችና ነጮች በባቡር ለየብቻ ቢቀመጡም እኩልነት አልፈረሰም ብሎ ፈረደ፤ በ1954 ግን ለየብቻ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እኩል ሊሆኑ እንደማይችሉ ወሰነ። በጾታ ምክንያት ድምፅ መከልከል የቀረው በ1920 ሲሆን፤ የጥቁሮችን ድምፅ የሚያስከብረው ሕግ የወጣው በ1965 ነው። እኩል የሚለው ፊደል ሳይለወጥ፤ በውስጡ የሚገቡት ሰዎች ግን በብዙ መከራና በብዙ ክርክር በዙ።

መምህሩ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ተማሪው አሜሪካን እንዲያመሰግን ወይም እንዲነቅፍ አስቀድሞ ፍርዱን ሊሰጠው አይገባም። ሰነዱን ከነዘመኑ ያቅርብለት፤ ፍርዱ የተማሪው ይሁን።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ትምህርት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ የሚጠቅም አይምሰላችሁ። በየዕለቱ ደንብ የምናረቅ፤ ውል የምንመረምርና ደብዳቤ የምንፈርም እኛም ነን። ከወረቀት ላይ ስሙ የቀረ ሰው ከዓለም አልቀረም፤ አንድ ቀን መጥቶ ይጠይቃል። ስለዚህ «ሁሉ» የሚል ቃል በጻፍን ጊዜ ሁሉ፤ በውስጡ እነማን እንደ ገቡና እነማን በውጭ እንደ ቀሩ ከመፈረማችን በፊት መርምረን እንወቅ።